የኡስታድ ወሳያ ንጹሕ ዘር

ሙዛሚል በሞተ በሠላሳ ስድስተኛው ቀን አማ ጃነት የበግ ቅልጥም እየመጠጡ፣ "ለአርባው ዘመድ ሁሉ ከተሰበሰበ ዘንዳ የሳፉራንና የናድርንም የእጮኝነት ዱአ በዚያው እናስደርጋለን" አሉ። ቅልጥሙን በሳህኑ ጠርዝ ኳ ኳ አድርገው መቱና የቀረውን መቅኒ በትንሿ ጣታቸው ጎርጉረው አወጡት። "ድስቱ እንደሆነ መጣዱ አይቀርም። በአንድ እሳት ሁለት ጉዳይ ማብሰል ነው።"

ኩልሱም የአማቷን ጣት አየች። ቅባቱ እስከ አንጓው ወርዷል። የሞተው ልጇ፣ ልትታጭም የታሰበችው ልጇ፤ ሁለቱም በዚያ ጣት የተያዙ መሰላት።

ሳፉራ የሟቹ ታላቅ እኅት ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ። ናድር የኩልሱም ባል የኢርሻድ ታላቅ ወንድም ልጅ ነው። ኩልሱምና ኢርሻድም ቢሆኑ የሁለት ወንድማማቾች ልጆች ናቸው፤ አማ ጃነትም አማቷ ብቻ ሳይሆኑ የአጎቷ ሚስት ናቸው። በዚያ ቤት አብዛኛው ሰው በሁለት በኩል ይዛመዳል፤ አንዱን ለመጥራት ከሁለት መጠሪያ ይመረጣል። በሚኖሩበት በሹጃባድ ከተማ ይህ ነውር አይደለም፤ ኩራት ነው። ሴት ልጁን ለባዳ የሚሰጥ ሰው አንድም ድኻ ነው፣ አንድም ዘመድ የጠላው ነው።

"አማ፣ ልጁ መጀመሪያ ደሙን ይታይ" አለች ኩልሱም። "ሙልታን ሆስፒታል ደርሶ መምጣት ነው። የአንድ ቀን መንገድ።"

"የማን ደም?"

"የናድር።"

ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ሳቋ አመለጣት። የናድር እናት ሸምሻድ ከገመዱ አልጋ ላይ ቀና አለች። "ምነው ደሙ ምን ሆኖ? በሬ የሚያህል ልጅ! ትናንት አንድ ጆንያ ሽምብራ ለብቻው ጣራ ላይ አወጣ። ስድስት ወልጄ አንዱ እንኳ አፍንጫው ፈስሶ አያውቅም፣ ምንም አይድረስባቸው!"

"መታየት የነበረበትስ ያንቺ ደም ነበር" አሉ አማ ጃነት ወደ ኩልሱም ዞረው፣ ቅልጥሙን እንደ ዋሽንት ወደ አፋቸው እየመለሱ። "ልጄን ሳንሰጥሽ። ምን ይሆናል፣ ያኔ መሣሪያው የለ።"

ሴቶቹ ሳቁ። ቤቱ የሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ፤ ከሻሹ ሥር ግን ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሙዛሚል ዘጠኝ ዓመት ኖረ። ከስምንት ወሩ ጀምሮ በየሦስት ሳምንቱ በአውቶቡስ ሙልታን እየሄደ ደም ይወስድ ነበር፤ የሰው ደም በከረጢት፣ በጠብታ። ደሙ በሞላለት ሰሞን ይሮጣል፣ ይሳደባል፣ ማንጎ ይሰርቃል። በሦስተኛው ሳምንት ከንፈሩ እንደ አመድ ይነጣና የናቱ ደረት ላይ መጥቶ ይጋደማል። የሰው ደም ብረት ትቶበት ስለሚሄድ ብረቱን የሚያወጣ መርፌ በሆዱ ቆዳ ሥር ሳፉራ ትወጋው ነበር፤ እጇ ከናቷ እጅ ይልቅ የጸና ስለነበር። ጉንጩና ግንባሩ እያበጠ መጣ። የሰፈሩ ልጆች ዝንጀሮ ይሉት ጀመር። በመጨረሻ ልቡ ደከመ፤ ብረቱ ልቡን በልቶት ነው አሉ ሐኪሞቹ። ከእሱ በፊት የሞተችው የአራት ዓመቷ ፈሪዳም እንዲሁ ነጥታ ነጥታ ነበር የሄደችው፤ ያን ጊዜ ግን ለበሽታው ማንም ስም አላወጣለትም።

ቤተሰቡ ግን ለሁሉም ስም ነበረው። ወተቷ ነው። እርጉዝ ሆና ፀሐይ ስትጋረድ ውጭ ወጥታ ነው። የሸምሻድን ልጆች በክፉ ዓይን አይታ፣ ዓይኗ ወደ ራሷ ማሕፀን ተመልሶ ነው። አሥራ አንድ ክር በሙዛሚል አንገት ላይ ታሰረ። የክታብ ቀለም በውኃ አጥበው አጠጡት፤ ያጠጣችው ራሷ ኩልሱም ናት፤ ልጁ "አሚ፣ ይገማል" እያለ። ያ ቃል ዛሬም ጆሮዋ ውስጥ አለ። ሌሎቹን ስትጠየፍ ከሁሉ በፊት የምትጠየፈው የገዛ እጇን ነው።

የነገሩን ውል ያስጨበጠቻት በሆስፒታሉ ደም የምትቀዳው ሲስተር ፈርኸንዳ ናት። አንድ ቀን ሙዛሚል ተኝቶ ደሙ ሲንጠባጠብለት የብርጭቆ አምባሮቿን ከእጇ አውልቃ አልጋው ላይ ደረደረች።

"አየሽ እኅቴ፣ ሰው ሁሉ ለዚህ ነገር ሁለት አምባር አለው። አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከናቱ ነው ያገኘው። አንቺ አንዱ አምባርሽ ደህና ነው፣ አንዱ የተሰነጠቀ። ባልሽም እንዲሁ። አንድ ደህና አምባር ላለው ሰው ስንጥቁ አይታወቀውም፤ እየሮጠ ያድጋል፣ ይወልዳል፣ ይሞታል። ልጅ ስትወልዱ ግን አንቺም ዓይንሽን ጨፍነሽ አንዱን ትሰጪዋለሽ፣ እሱም ጨፍኖ አንዱን ይሰጠዋል። ሁለታችሁም ደህናውን ከሰጣችሁ ነጻ ነው። አንዱ ደህና አንዱ ስንጥቅ ከደረሰው እንደናንተው ነው። ሁለቱም ስንጥቅ ከሆነ..." ወደ ሙዛሚል አየች።

"ከአራት አንድ ነው አሉን" አለች ኩልሱም። "አማቴ ሁለት ስለታመሙብሽ ቀጥለሽ የምትወልጃቸው ስድስቱ ጤነኛ ይሆናሉ ይላሉ።"

ፈርኸንዳ ደረቅ ሳቅ ሳቀች። "ዕጣው ትናንት የወጣውን አያስታውስም፣ እኅቴ። በየእርግዝናው ከአራት አንድ ነው፤ እንደ አዲስ። የተሰነጠቀው አምባር ደግሞ አገር ለአገር የተበተነ ነው። ችግሩ ከአንድ ሳጥን የወጡ ሰዎች ሲጋቡ፣ የተሰነጠቀው በሁለቱም እጅ የመገኘቱ ነገር ነው።"

በዚያው ሰሞን የሳፉራም ደም ታየ። አንዱ ስንጥቅ ነበር። ኩልሱም ይህን ለኢርሻድና ለታላቅ ወንድሙ ነገረች፤ የሚጠነቀቁ መስሏት።

ለአርባው ሦስት ቀን ሲቀረው ኩልሱም ሳፉራን ብቻዋን አገኘቻትና ጠየቀቻት። ልጅቷ የወንድሟን ሸሚዝ እያጣጠፈች ነበር።

"ናድርን አልጠላውም፣ አሚ" አለች። "ሞኝ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ግን ያን መርፌ በሌላ ልጅ ሆድ ላይ አልወጋም። አንቺ ካልቻልሽ እኔ እናገራለሁ፤ ደግሞ እኔ ብናገር ምን እንደሚያደርጉኝ ታውቂያለሽ።"

ኩልሱም በማግሥቱ ጠዋት ወደ ባሏ ወንድም ጣራ ወጣች።

የናድርን አባት አላህ ወሳያን ሰፈሩ ሁሉ ኡስታድ፣ የሙያው ጌታ፣ ይለዋል፤ ሳያርፉ ቀኑን ሙሉ የሚበሩ እርግቦችን በማርባት ከሙልታን እስከ ባሃዋልፑር የሚስተካከለው የለም ይባላል። ጣራው ላይ ስትደርስ አፉ ውስጥ ያላመጠውን ሽምብራ በአንዲት ጫጩት ምንቃር እየጨመረ ነበር። ምራቁ በጺሙ ላይ ቢጫ ሆኖ ወርዷል። ኩልሱም በዚሁ አፍ የልጇን ግንባር ከመገነዙ በፊት እንደሳመው አስታወሰች።

"ነይ ነይ፣ የኢርሻድ ባለቤት!" አለ ጫጩቷን እያስቀመጠ። "ጫማሽን አውልቂ፤ ይኸ ንጹሕ ቦታ ነው።"

አወለቀች። እግሯ ሥር ያለው ኩስ ለብ ያለና እርጥብ ነበር፤ በጣቶቿ መካከል ገባ።

"ሱልጣንን ታውቂዋለሽ?" ኡስታድ አንድ ነጭ አውራ ከቤቱ አውጥቶ ደረቱን በአውራ ጣቱ ደባበሰ። "በዚያ በሙቀቱ ወር አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ነው ሳያርፍ ሰማይ ላይ የዋለው። አባቱም እንዲሁ ነበር፣ አያቱም። ዘር ከልጓም ይስባል፣ ኩልሱም! ቻል አድርጎ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ባዕድ ሳያስገቡ።"

"ባይ ጂ፣ የመጣሁት ስለ ናድር ነው" አለች፤ ታላቅ ወንድም የሚጠራበትን የአክብሮት ስም እንደ ድንጋይ እያነሳች።

"እንነጋገራለን። ቆይ ይቺን ልጨርስ።" ከጥጉ አንዲት ላባዋ ያልጠና ጫጩት አነሣ። የጫጩቷ ጭንቅላት ይንቀጠቀጣል፤ እህሉን ልትለቅም ስትል ወደ ኋላ ተገልብጣ ትወድቃለች። "ዘንድሮ ሦስተኛዋ። እናቷ ናት ጉዱን የምታመጣው።"

አንዲት ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት እንስት ከጎጆው አወጣ። እጁ ውስጥ ጸጥ ብላ ዓይኗን አገላበጠች።

"እሷ ምን አደረገች?"

"ዘሯ ቆሻሻ ነው። ክንፍና ልብ የሚሰጠው አውራው ነው፤ ሴቷ ቅርፊትና ቀለም ብቻ ነች። ጫጩት ከተበላሸ ሴቷን አስወግድ፤ አባቴ ያስተማረኝ ይኸንን ነው። ካቻምናም አንዷን አስወገድኩ።"

"የካቻምናዋ የማን ዘር ነበረች?"

"የሱልጣን እኅት።"

"ይቺስ?"

"የራሱ ልጅ። ንጹሕ ዘር ነው ብዬሽ የለ! በመካከላቸው አንዲት ግራጫ ከካሱር ከተማ አምጥቼለት ነበር። መልኳ አያምርም እንጂ ሰባት ጫጩት ፈለፈለችለት፣ አንዱ አልተንቀጠቀጠም።"

"ምነው አልተንቀጠቀጡም?"

"ያኔ ቤቱን ኖራ ቀብቼው ነበራ!" አለ ኡስታድ እንደ ሞኝ እያያት። "የመስጊዱ መውላዊም ለበሩ ክታብ ጽፎልኝ ነበር።"

ኩልሱም የሚንቀጠቀጠውን ጭንቅላት አየች። ሁሉም ነገር እዚያ ጣራ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ሰው ዓይን ሥር፣ በኩስ ተሸፍኖ። "ባይ ጂ፣ ሱልጣንም አለበት" አለች።

"ምን አለበት?"

"ግማሹ አለበት። ከካሱሯ ጋር ሲሆን ግማሹ ብቻውን አይጎዳም። እኅቱና ልጁ ግን ያንኑ ግማሽ ተሸክመዋል፤ ከእነሱ ጋር ሲሆን ሁለት ግማሽ ይገናኛል። ሴቶቹን ሁሉ ቢፈጇቸው ሱልጣን እስካለ፣ የሱልጣንም ዘመድ እስከቀረበለት ድረስ ይመላለሳል።"

"ሱልጣን?" ኡስታድ ከልቡ ሳቀ። "አሥራ አንድ ሰዓት የበረረው?"

"እኔና ኢርሻድም እየሮጥን ነው ያደግነው።"

ሳቁ አልጠፋም፤ እጁ ግን ሥራውን ቀጠለ። የእንስቷን አንገት በሁለት ጣት ይዞ አንዴ ጠመዘዘና ወደ ባልዲው ወረወራት። ባልዲው ውስጥ ክንፎቿ ቆርቆሮውን ለረጅም ጊዜ ደበደቡት። ኡስታድ እጁን በቀሚሱ ጠረገና የታጠፈ፣ የሚታኘክ የፓን ቅጠል ከኪሱ አውጥቶ ጉንጩ ውስጥ ወሸቀ።

"እርስዎ ስድስት ጤነኛ የወለዱት ሸምሻድ ከባዕድ ስለመጣች ነው" አለች ኩልሱም፤ ዓይኗን ከባልዲው ነቅላ። "እሷ የእርስዎ የካሱር ግራጫ ናት። ናድር ግን የእርስዎ ልጅ ነው፤ ሊኖርበት ይችላል። ያስመርምሩት። ከሌለበት ሳፉራን እኔ ራሴ ሄና ቀብቼ አመጣልዎታለሁ።"

"ልጁ ምንም የለበትም!" አለ ኡስታድ ተቆጥቶ። "ወረቀቱም ቢሆን ትንሹ ዓይነት ነው የሚለው። ትንሽ ማለት ምንም የለም ማለት ነው።"

ባልዲው ጸጥ አለ።

"የቱ ወረቀት?"

ኡስታድ ቀይ ምራቁን በጣራው ጠርዝ ወደ ታች ተፋ። ያፈረ ሰው መልክ አልነበረውም፤ ሳያስበው ገንዘቡ ከኪሱ እንደወደቀበት ሰው ብቻ ትንሽ ተናደደ። "ያኔ ለሙዛሚል ደም ልስጥ ብሎ ሄዶ የለ? ደሙ ቀጭን ነው ብለው መለሱት። ቀጥሎ ሌላ ምርመራ አድርገው ወረቀት ላኩልኝ። ሁለት ዓመት ሆነው። ለልጁ አልነገርኩትም፤ ምን ያደርግለታል?"

"ሁለት ዓመት ያውቃሉ? ሳፉራም እንዳለባት እያወቁ?"

"ለዚህ አይደል እንዴ!" አለ፤ አሁን ድምፁ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ለስልሶ። "አስቢበት እስኪ። ከኻኔዋል ከተማ ሰዎች ልጅ ጠይቄለት ነበር። የዛሬ ሰው ተምሬያለሁ ይላል፣ 'የደም ወረቀት አምጡ' አሉኝ። ምን ልበላቸው? ሥጋ ለሥጋ ግን አይጠያየቅም። ገመና የሚሸፍን የገዛ ዘመድ ነው። ያንቺንስ ልጅ በዚያ ደሟ ማን ይወስዳታል? እኛ ነን እንጂ! ውለታ ነው የዋልኩልሽ፣ ኩልሱም።"

"ልጆቻቸውስ?"

"ከአራት አንድ ብለሻል አንቺው። ሦስቱ ጤነኞች ናቸው። አንዱ ቢወጣ..." እግሩ ሥር የወደቀችውን የምትንቀጠቀጥ ጫጩት አንሥቶ አየት አደረጋትና፣ አሳቡ ሌላ ቦታ እንዳለ ሰው፣ ባልዲው ውስጥ ጣላት። "አላህ ያውቃል።"

ኩልሱም ጫማዋን በእጇ ይዛ ደረጃውን ወረደች። ግቢው ጥግ ላይ ውኃ መቅጃው ዘንድ ቆማ እግሯን በአሸዋ ፈተገች፤ ቆዳዋ እስኪቀላ ፈተገች፤ ሽታው ግን ከእግሯ አልነበረም።

ኢርሻድ በማንጎው ጥላ ሥር ሞተር ብስክሌቱን ፈታትቶ ተቀምጦ ነበር። ነገረችው። አንገቱን ሳያቀና፣ "አውቃለሁ" አለ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ያን ቀን ልጁን ሆስፒታል ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ወረቀቱንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ባይ ጂ ዝም በል አለኝ።"

"እኔ አሥራ አንድ ክር ሳስር ታውቅ ነበር? እናትህ ወተቴን ሲረግሙ፣ በናንተም ወገን እንዳለ ታውቅ ነበር?"

"ምን ላድርግ ታዲያ፣ ታላቄ ነው!" አለና ማልቀስ ጀመረ። እንባውን በዘይት በተለወሰ እጁ ሲጠርግ ጉንጩ ላይ ጥቁር መሥመር ወጣ። ኩልሱም ይህን ሰው ሃያ ዓመት አብራው ኖራለች፤ ሙዛሚል ሲሞት አቅፋው አልቅሳለች። ያን ቀን ግን እንባውን ማየት አልቻለችም፤ ሰው በጠጣበት ኩባያ ውስጥ ፀጉር እንዳየች ፊቷን አዞረች።

የአርባው ቀን ግቢው ሞላ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በገመድ ከተዘረጋ አንሶላ በስተጀርባ ተቀመጡ። ቁርኣኑ ተቀራ፤ ለጸሎቱ መቁጠሪያ የሆኑት የተምር ፍሬዎች ከአንዱ ክምር ወደ ሌላው እየተላለፉ ተቆጠሩ። ቀጥሎ ምግቡ መጣ። ሩዝ በሥጋ፣ ሩዝ በስኳር። ቢጫው ጣፋጭ ሩዝ በሽማግሌዎቹ ጣቶች መካከል ይንጠባጠባል፤ አንዱ ዘመድ "ለልጁ ጀነት ይስጥልን፣ እስቲ ከሥጋው ጨምሩበት" ሲል ኩልሱም ከአንሶላው ጀርባ ሰማች።

ያን ጊዜ ኡስታድ ወሳያ ከወንዶቹ መካከል ተነሣ። "ሐዘን ብቻውን ቤት አይቀመጥም። መውላዊ ሳሂብ፣ ዱአ ያድርጉልን፤ ወንድሜ ሴት ልጁን ለልጄ ሰጥቶኛል።" ኢርሻድ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተከለ። በሴቶቹ በኩል ሸምሻድ የሶሐን ሐልዋ ሳጥን ከፍታ፣ በቅቤ የወዛውን ጣፋጭ ቆርሳ፣ ወደ ሳፉራ አፍ ዘረጋች። ልጅቱ ከቀመሰች ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቃል ማጠፍ ዘመድ ከዘመድ ደም ያቃባል።

ኩልሱም እጇን ዘርግታ የልጇን አፍ በመዳፏ ሸፈነች። ሐልዋው የእጇ ጀርባ ላይ ተጣበቀ።

"ምን ሆንሽ አንቺ?" አለች ሸምሻድ።

ኩልሱም ተነሣች፤ አንሶላውን ገለጥ አድርጋ ወንዶቹ ፊት ቆመች። በዚያ ግቢ እንዲህ ያደረገች ሴት ከእሷ በፊት አልነበረችም። ናድር ከወጣቶቹ ጋር ጥግ ይዞ ተቀምጦ፣ አፉ ሩዝ እንደሞላ አያት።

"ናድር፣ ልጄ፣ ለወንድምህ ደም ልትሰጥ ሄደህ ለምን እንደመለሱህ ታውቃለህ?"

"ደምህ ቀጭን ነው ብለውኛል፣ አክስቴ።"

"ቀጭን አይደለም። የሳፉራ ዓይነት ነው። እኔና አጎትህ ያለን ዓይነት ነው። ወረቀቱ ሁለት ዓመት አባትህ ዘንድ ተቀምጧል። አንተም ደህና ነህ፣ ሳፉራም ደህና ናት፤ ሁለታችሁም አርጅታችሁ ትሞታላችሁ። ከሁለታችሁ የሚወለድ ግን እንደ ሙዛሚል ሊሆን ይችላል። አንድ ቀብሬ፣ ሁለት ቀብሬ፣ ሦስተኛውን ለመቅበር ጣፋጭ አልበላም።"

ኩልሱም ይጮሁብኛል፣ ይመቱኛል ብላ ነበር የወጣችው። ቁጣውንም አስባበት፣ መልስ አዘጋጅታ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ጉምጉምታ ተነሣ፤ ጉምጉምታውም ወደ ኡስታድ ሳይሆን ወደ አንሶላው፣ ወደ ሳፉራ ዞረ።

"እንግዲያ ልጅቱ በሽተኛ ናት በሏ!" አለች ሸምሻድ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "ለበሬ ልጄ ደሟ የተበላሸ ሊያስታቅፉኝ!"

"ከናቷ ነው" አሉ አማ ጃነት። "እኔ ከድሮም ብያለሁ።"

"የዘር ገመና በአደባባይ!" አሉ ቻቻ ፈይዝ የተባሉት የቤተሰቡ ሽማግሌ፣ ጢማቸው ላይ የቀረውን ሩዝ እያራገፉ። "ልጅቱን ደግሞ ከእንግዲህ ማን ይነካታል? አላህ ወሳያ፣ እጅህን ሰብስብ።"

ኡስታድ ደረቱን ነፋ። ባልዲው አጠገብ እንደነበረው ነበር መልኩ፤ ቆሻሻውን ለይቶ እንዳወቀ ሰው የተረጋጋ። "ንጹሕ ዘሬን ከዚህ ጋር አልቀላቅልም" አለ። "ዱአው ቀርቷል።"

ግቢው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ስለ ናድር ወረቀት አንድ ሰው ቃል አልተነፈሰም። የተናገረችውን ግማሽ ሰምተው ግማሹን እንደ አጥንት ተፍተውታል።

"ወረቀቱስ፣ አባባ?" አለ ናድር ከጥጉ። "እውነት ነው?"

"ዝም በል አንተ!"

ወጣቱ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ጫማውን ሳያጠልቅ በእጁ ይዞ በበሩ ወጣ። ሸምሻድ የሐልዋውን ሳጥን ከደነች። ሳፉራን ልታጎርስ ከተቃረበችው ቁራሽ ቀሪውን ግን መልሳ አላስገባችውም፤ ለውሻ ጣለችው። ሰዎቹ ወደ ምግባቸው ተመለሱ።

ኢርሻድ ሲመሽ፣ "ደስ አለሽ አሁን?" አላት። "ልጅቱን አዋረድሻት።"

"አዎ፣ ደስ ብሎኛል" አለች ኩልሱም። እውነትም ልጇ ተርፋላታለች። ግን ደስታው ከሸምሻድ ቅቤ ጋር እጇ ላይ እንደተጣበቀ ነበር፤ ሁለቴ በሳሙና ታጥባ፣ አሁንም ታሸታዋለች። ሳፉራ ግን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአርባ ቀን ወዲህ ሳህኗን ጨረሰች።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው መጣ። ኡስታድ ያንኑ የሐልዋ ሳጥን ይዞ እኅቱ ዘይነብ ቤት ሄዷል፤ ልጇን ሙኒራን ለናድር። ሙኒራ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከናድር ጋር አያታቸው አንድ ናቸው። ደሟ ታይቶ አያውቅም። ናድር እምቢ ብሎ ሙልታን ጓደኛው ዘንድ ተደብቋል አሉ፤ አባቱ ግን ልጁ ሲርበው ይመለሳል ብሎ ይዝታል።

ኩልሱም ሻሿን ተከናንባ በጠራራ ፀሐይ ወደ ዘይነብ ቤት ሄደች። በሩ ደጃፍ ላይ የኡስታድ ቀይ የፓን ምራቅ ገና አልደረቀም። ተራምዳው አንኳኳች።

"ማነው?"

"ኩልሱም ነኝ።"

የውስጡ መቀርቀሪያ ጠቅ ሲል ሰማች፤ ሲከፈት አይደለም፣ ሲዘጋ። "ሂጂልኝ እኅቴ" አለች ዘይነብ ከውስጥ። "የአንቺ ደም ወደ ቤቴ እንዳይገባ። ልጄ ምንም የለባትም፣ ጉንጯን አላየሽም? ሮማን ነው!"

"የሳፉራም ጉንጭ ሮማን ነው፣ ዘይነብ። የእኔም ነበር። ጉንጭ አይናገርም። ሙልታን ሆስፒታል ማክሰኞ ማክሰኞ ይመረምራሉ፤ የምትቀዳው አንዲት ማንኪያ የማትሞላ ደም ናት። ነጻ ከሆነች ናድርን ታግባው፣ ምንም አይሆኑም። ካለባት ግን ከእሱ ጋር አይሆንም።"

"ሰው ይሰማሻል!"

"ይስማ።" በየበሩ ሴቶች ወጥተው ቆመዋል። ኩልሱም የተናገረችውን ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው፤ ሁለቱን አምባር፣ ጨፍኖ መስጠቱን፣ ትናንትን የማያስታውሰውን ዕጣ፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ለበሩም ለመንገዱም። አንዷ ጎረቤት አፍንጫዋን ያዘች። ሌላዋ ልጇን ወደ ቤት ጎተተች።

"ስንት ጊዜ ልትደጋግሚው ነው?" አለች ዘይነብ።

"እስክትከፍቺ።"

ለሦስተኛ ጊዜ ደገመችው። ጀርባዋን ለጎረቤቶቿ ሰጥታ በሩን ብቻ እያየች ቆመች። በውስጥ በኩል እናትና ልጅ በሹክሹክታ ሲጨቃጨቁ ይሰማታል። ከዚያ ቀጭን ድምፅ በመቀርቀሪያው ቀዳዳ በኩል መጣ፤ የዘይነብ አልነበረም።

"አክስቴ፣ የማክሰኞው አውቶቡስ ከየት ነው የሚነሣው?"